የጆሮ እርካብ

መስከረም 20

ለእትዬ፣ ለአክስቶች ሁሉ አለቃ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽም ቁጣሽም ሙሉ ሆኖ ያግኝሽ። ቁጣሽ ጎድሎ ከተገኘ ታመሻል ማለት ስለሆነ አደራ፣ አታጉድዪው። እኔ አንበጣሽ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

“እንደ ሰው ደብዳቤ ጻፍልኝ” ብለሽ ስልኩን ከዘጋሽብኝ ወዲህ ነገሩ ከነከነኝ። ስደውል አይነሳም። ሲነሳም ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ “ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች” ትልና ትዘጋዋለች። የጽሑፍ መልእክት ብልክልሽ ደግሞ “እሺ” ብቻ ብለሽ ትመልሻለሽ። አንቺ ደግሞ በሕይወትሽ ለማንም እሺ ብለሽ አታውቂምና አላመንኩሽም። ቅያሜ ካለ ንገሪኝ። ስልኩ ተበላሽቶ ከሆነም ሌላ እልካለሁ።

የእኔ ወሬ ጥሩ ነው። ከጋጣ ጠራጊነት ወደ ኮርቻ ጥገና ተሻግሬያለሁ። የግልቢያ ትምህርት ቤቱ ከጋጣዎቹ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ሙሉ የተሰቀለ ልጓም። ቀኑን ሙሉ በወስፌ እየበሳሁ ሰም በተቀባ ክር እሰፋለሁ። ጣቶቼን ብታያቸው ታለቅሻለሽ፤ ወይም ትስቂያለሽ፣ አንቺን ማወቅ አይቻልም።

አሠሪዬ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር አሮጊት ናት። እሜቴ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራት ደስ አላት፣ አሁን ሠራተኛው ሁሉ እሜቴ ይላታል። አንድ ሕግ አላት። የዕቃውን ስምና ስሙ ከየት እንደመጣ እስክታውቅ ድረስ ዕቃውን አታስነካህም። “ስሙን ያላወቅኸው መሣሪያ እጅህን ይቆርጥሃል” ትላለች። የዚህ ሳምንት ትምህርቴ ስቲረፕ ነበር፤ ፈረሰኛው እግሩን የሚያስገባበት ብረት፣ እኛ እርካብ የምንለው። በጥንቱ ንግግራቸው “መውጣት” የሚል ቃልና “ገመድ” የሚል ቃል ተጣብቀው የወለዱት ነው አለችኝ። የመውጫ ገመድ እንደማለት። መጀመሪያ ብረት አልነበረም ይባላል፣ ሰው ፈረስ ላይ ለመውጣት የሚረግጠው የገመድ ቀለበት ነበር። ደረጃ የሚሉበት ቃላቸው እንኳ ከዚያው ከመውጣት ዘር ነው። “የእናንተስ ቃል ከየት መጣ?” ብላ አፋጠጠችኝ። እርካብ ማለት እርካብ ነው አልኳት። ሳቀችና መዶሻውን ከለከለችኝ።

እትዬ፣ አንቺ ብዙ ታውቂያለሽና ከየት እንደመጣ ጠይቂልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደሆንሽ ጻፊልኝ። ዓይኔን መንገድ ላይ ጥዬ እጠብቃለሁ።

አንበጣሽ

ጥቅምት 15

ለአንበጣዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? የሄድክበት አገር ብርዱን ከላይህ ያንሳልህ፣ ጣትህን ከወስፌ፣ አፍህን ከነገር ይጠብቅልህ። እኔ በቁጣዬ እንዳለሁ ነኝ፣ አልጎደለም።

ስልኩ ደህና ነው። የተበላሸው ጆሮዬ ነው። ቅያሜ የለም።

ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ሰው እየተንሾካሾከ የሚያወራ መሰለኝና ሁሉም ያማኝ ጀመር ብዬ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሐሜትን ነበር የሚመስለኝ፣ የእኔ ግን የምር ባዳ ሆነ። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲያወራ ከንፈሩን እያየሁ እሞላዋለሁ። ስልክ ከንፈር የለውም። ለዚህ ነው የሸሸሁህ።

አሁን እውነተኛውን ልንገርህ፣ ቁርጡን ማወቅ አለብህ። ባለፈው ወር አንዲት እርጉዝ ለክትትል መጣች። ያን የእንጨት ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጌ ጆሮዬን ደገንኩ። ምንም። አዛወርኩት፣ ምንም። ለካ ፊቴ ተለዋውጧል፤ ልጅቷ አየችኝና እዚያው አልጋው ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ከወዲያ ክፍል ሮጣ መጥታ አዳመጠች። የጽንሱ ልብ ደህና አድርጎ ይመታል። ልጁ ደህና ነው፣ የሞተው የእኔ ጆሮ ነው። ያችን እናት ይቅርታ ስጠይቅ እጄን ይዛ “ግድ የለም” አለችኝ፣ እኔ ግን ግድ አለኝ።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም። በሯን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መፍትሔ ካላገኘሁ ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ዕቃ ግምጃ ቤት እገባለሁ። ጓንት ስቆጥር ልኖር ነው። ይህ እጅ ስንት ሰው ተቀብሏል፣ ስንቱ አሁን ጢም አውጥቶ መንገድ ላይ ሳያውቀኝ ያልፋል። ጓንት አልቆጥርም።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጆሮ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ ድምፅ ሲመጣ አንዱ ሌላውን እየነካ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። የመጨረሻዋ በሰው ገላ ካለው አጥንት ሁሉ ታናሿ ናት፣ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። እሷ ደርቃ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች፣ አትንቀሳቀስም። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሣላትና ስሟን ቢነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እርካብ ትባላለች። ቅርጿም ቁርጥ እንደዚያው። አንተ እዚያ እርካብ ስታጸዳ፣ እኔ ፈረስ ላይ ወጥቼ የማላውቀው ሴትዮ እርካቧን ጆሮዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ለማዋለጃው አልጋ እግር ማሳረፊያም እዚያ ቃሉን ይጠቀሙበታል መሰለኝ፣ አንድ የውጭ ሐኪም ሲለው ሰምቻለሁ፤ ያኔ እሰማ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የጽንስ የልብ ምት በመስኮቱ ላይ በቁጥር የሚያሳይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ከቻልክ እሱን ላክልኝ፣ ካልቻልክ ተወው።

ሐኪሙ ደግሞ “ከቤተሰብ መስማት ያቃተው ሰው አለ ወይ?” ብሎ ጠየቀኝ። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትዝ አለችኝ። አንተ ከእሷ ጋር የኖርክ ነህ፤ ምን ታስታውሳለህ? ጻፍልኝ።

አክስትህ

ኅዳር 12

ለእትዬ፣

የሰማይ ባለቤት ጆሮሽን ይክፈትልሽ፣ ለሐኪሙም እጅ፣ ለኃላፊሽም ትዕግሥት ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም፤ እሜቴ ክር እንዳበላሸሁ አይታ ወደ ቤትህ ሂድ አለችኝ።

መሣሪያውን ገዝቼ በአንድ መንገደኛ ልኬልሻለሁ። ባትሪውም አብሮት አለ።

ስለ አጥንቷ ለእሜቴ ነገርኳት። መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች፤ ይህን የምታደርገው ነገሩን ከቁም ነገር ስትቆጥረው ብቻ ነው። እነሱም ያችኑ አጥንት ስቲረፕ ይሏታል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሰው ገላ እየከፈቱ ያጠኑ የነበሩ ሐኪሞች አይተዋት፣ ሌላ ምን እንበላት ብለው፣ ዘመኑ የፈረስ ዘመን ነበርና እርካብ አሏት። የማዋለጃ አልጋውም እንዳልሽው ነው። ከባልዲ ውሃ የሚስብ የእሳት ማጥፊያ የእጅ ፓምፕም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፣ በአንድ እግር የሚረገጥ ስላለው። ከሁሉ የወደድኩት ግን ይሄ ነው፦ እንግዳ ተሰናብቶ፣ ፈረሱ ላይ ወጥቶ፣ እግሩ እርካብ ከገባ በኋላ ባለቤቱ ከታች ቆሞ አንዲት የመጨረሻ ጽዋ ያቀብለዋል። እሷን የእርካብ ጽዋ ይሏታል። ሰውየው ጠጥቶ ባዶውን መልሶ ይሄዳል።

አሁን ያለሁበትን ሥራ ልንገርሽ። የእርካቡ ጠፍር ኮርቻው ላይ የሚንጠለጠልበት ብረት ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ምላስ አለችው። ፈረሰኛው ቢወድቅ ጠፍሩ ሾልኮ እንዲወጣ ያች ምላስ መላላት አለባት። ዝገት ከቆለፋት እግሩ እርካብ ውስጥ እንደተያዘ ፈረሱ ሰውየውን እየጎተተ ይሮጣል። እኔ ኮርቻውን ሁሉ እየዞርኩ ምላሶቹን አላቅቃለሁ፣ ዘይት አጠጣለሁ፣ እንደገና እፈትሻለሁ። ትከሻዬን ትንሽ ታምሜ ነበር፣ ግቢ ውስጥ አንድ ፈረስ ከኋላ መጥቶ ገፍቶኝ ነው። ቀላል ነው፣ አትጨነቂ።

ኦፕራሲዮን የሚል ነገር እንዳታስቢ ግን። እዚህ ጠይቄያለሁ፣ ጨርሶ መስማት ያጡ ሰዎች አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ያለሽን ይዘሽ መሣሪያውን ተጠቀሚ። እሱ ይቁጠርልሽ።

አንበጣሽ

ታኅሣሥ 8

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ በብዙ ይድረስህ፣ ትከሻህንም ይማርልህ። መሣሪያው በሰላም ገብቷል፤ ላኪውን እጁ አይንጠፍ ብዬ መርቄሃለሁ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ሁሉ አሜን ብሏል። አሁን የሁላችንም መሣሪያ ሆኗል። ቁጥሩ በደንብ ይታያል።

ነገር ግን አላዳነኝም። ኃላፊዋ አየችው፣ አመሰገነችህ፣ ከዚያ “ማታ ተረኛ ስትሆኚ ከወዲያኛው ክፍል ‘ድረሽልኝ’ ብላ የምትጣራውን እናት በምን ታያታለሽ?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ወደ ዋናው ሆስፒታል ሄጄ ለኦፕራሲዮን ተመዘገብኩ። አትጩህ፣ ብትጮህም አልሰማህም።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የተጣበቀችውን አጥንት ላይኛውን ክፍል ያወጡና በምትኩ እንደ መርፌ የቀጠነች ነገር ይተክላሉ። ከግራው ይጀምራሉ፣ ቀኙን አይነኩትም። አደጋ እንዳለው እሱም አልደበቀኝም። አንተ ግን እዚያ ቀኑን ሙሉ የዛገ ምላስ እያላቀቅህ የምትውል ሰው፣ የእኔ ሲሆን “ተይው፣ እንደዛገ ይቆይ” ትለኛለህ። እሜቴ ብትሰማህ ወስፌውንም ትቀማሃለች።

አንድ ሳንካ አለ። የሥጋ ዘመድ ካልፈረመ ቢላዋ አናነሳም ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ እኔ ልፈርም ብላ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ ነበር፤ “ጎረቤት አይሆንም” ብለው መለሷት። የቀረኸኝ አንተ ነህ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ፈርመህ መልስልኝ።

ሌላም ነገር አለኝ። ስለ እናትህ ጠይቄህ ስለ እሳት ማጥፊያ ጻፍክልኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች፣ እንደዚያ ሆንክብኝ። እኔው ልንገርህ እንግዲህ። ሰፈሩ ሁሉ ኩሩዋ ይላት ነበር። ሰላም ሲሏት የማትመልስ፣ ሲጠሯት የማትዞር። እኔም እህቷ ሆኜ ኩሩ እንደሆነች አምኜ ነበር። ሐኪሙ ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል፣ በአንዳንድ ሴት ላይ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ይብሳል ሲለኝ ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። እህቴ አንተን ከወለደች በኋላ ነው ዝም ያለችው። እኔ አዋላጇ ነበርኩ፣ አላወቅሁም። ኩሩ አልነበረችም፣ አትሰማም ነበር። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ብዙ አልቅሻለሁ።

አንተስ? ስልክ ከማቋረጣችን በፊት እኔ ብቻ አልነበርኩም “ምን አልክ?” የምለው፤ አንተም “ምን አልሽ?” ትል ነበር። የስልኩ ጥፋት መስሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ፈረስ ከኋላ መጥቶ ገፋኝ ትላለህ። ፈረስ ያህል ነገር፣ ኮቴው ብረት የሆነ፣ ሲመጣ አይሰማም እንዴ? ተመርመር። ይህ ልመና አይደለም።

አክስትህ

ጥር 20

ለአንበጣ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። አጭር ነው የምጽፈው፣ ተናድጃለሁ።

የፈረምክበት ወረቀት አልመጣም፣ መልስህም አልመጣም። ፖስታ ቤቱን እየተመላለስኩ አስቸገርኩ፤ የመስኮቱ ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ኃላፊዋ ባለፈው ሰኞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወስዳ መደርደሪያዎቹን አሳየችኝ። በጨዋነት ነው፣ ለማስለመድ ብላ። እኔ ግን መደርደሪያ አልለምድም።

አልፈርምም ካልክ አልፈርምም በል፣ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ዳኛ ፊት ቆሜ ራሴን እችላለሁ ብዬ አስፈቅዳለሁ። ብትፈርም ደግሞ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ሦስተኛው መንገድ፣ ዝም ማለት፣ እሱ ብቻ አልተፈቀደልህም። በቤታችን ዝምታ በቂ ሰው በልቷል።

ተመርምረሃል ወይ?

አክስትህ

የካቲት 9

ለእትዬ፣ ለእናቴ እህት፣

ይቅር የሚል ልብ ይስጥሽ ብዬ ልጀምር፣ ያለዚያ ይህን ወረቀት ሳታነቢው ትቀጂዋለሽ። የፈረምኩበት ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። በሁለት ብዕር ነው የፈረምኩት፤ የመጀመሪያው ቀለሙ አለቀ፣ አትፈርም የሚል ምልክት መስሎኝ ተወት አድርጌው ወጣሁ፣ ተመልሼ በሌላ ጨረስኩት።

የዘገየሁት ስለፈራሁ ነው። ላንቺ ብቻ አይደለም የፈራሁት። አንቺ ጨርሰሽ ብትደነቁሪ የእኔ ነገ ምን እንደሚመስል አየዋለሁ ብዬ ነው። አዎ፣ እኔም አልሰማም። ቀኙ ይብሳል። ያ ፈረስ ሲመጣ ኮቴውን አልሰማሁትም፤ የያዘው ሰውዬ “ዞር በል” እያለ ሦስት ጊዜ ጮኾ ነበር አሉኝ። ለእሜቴ አንሸራተተኝ ብዬ ዋሸኋት። የማይሰማ ሰው ጋጣ ግቢ ውስጥ አያሠሩም፣ አደጋ ነው፣ እውነታቸውንም ነው። ካወቀች ታባርረኛለች። ይኸው ነው ምሥጢሩ።

ስለ እናቴ የጻፍሽውን ቁጭ ብዬ ማንበብ አልቻልኩም። ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ጋጣ ውስጥ ገብቼ የማላውቀው ፈረስ አንገት ላይ ግንባሬን አሳረፍኩ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከአገር የወጣሁ ቀን ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። መሄዴን እንደማትወድ አውቃለሁ፣ ከአንድ ቀን በፊት ተጣልተናል። “እማዬ፣ ሄድኩ” አልኩ። አልዞረችም። ደገምኩት። አልዞረችም። እንግዲህ ይህን ያህል ከጠላችኝ አልኩና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስጠይቅ “ስልክ አልወድም” ብላ ላንቺ ትሰጥሽ ነበር። እሱንም ከቂሟ ቆጠርኩት። ስታርፍ ለቀብር ያልመጣሁት የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ብዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ወረቀቱ እውነት ነው። ቢያልቅ ኖሮ ግን እመጣ ነበር ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አላውቅም።

ሂጂና ተደረጊ። አልከለክልሽም። እኔ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

አንበጣሽ

ሚያዝያ 2

ለልጄ፣

ከዛሬ ጀምሮ የእህቴ ልጅ አልልህም። ሰላም፣ ዕድሜ፣ ጥሩ አሠሪ ይስጥህ። ጠላትህ ጓንት ይቁጠር።

ተደርጌያለሁ። አላደነዘዙኝም ማለት ይቻላል፣ ጆሮዬን ብቻ ነው፤ የሐኪሙን ትንፋሽ ፊቴ ላይ እያወቅሁት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ቤቱ ዞረብኝ፣ ግድግዳ እየያዝኩ እንደ ሕፃን ስሄድ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የወተፉትን ሲያወጡልኝ ነርሷ የመርፌ ማስቀመጫውን ብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደንግጬ ተነሳሁ። ሰው እንዲህ እየተንኳኳ ነው እንዴ የሚኖረው? የገዛ ቀሚሴ ሲንኮሻኮሽ ሰው የተከተለኝ መስሎኝ ዞሬያለሁ። ልብስ ሰፊዋ ስታላምጥ እንደምትጮህ ሳላውቅ ስንት ዓመት አብሬያት ስበላ ኖርኩ፣ አሁን መንገር ከብዶኛል።

ከዚያ ወደ ሥራ ሄድኩ። ኃላፊዋ በዋዛ አልተቀበለችኝም፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልቀበልም። አንዲት እናት አስተኛች። ያንተን መሣሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። በእንጨቱ ማዳመጫ እኔ ቆጥሬ በወረቀት ጻፍኩ፣ ከዚያ እሷ ቆጥራ በሌላ ወረቀት ጻፈች፣ ሁለታችንም እንዳንተያይ ጀርባ ሰጥተን። ጆሮዬን ስደግን መጀመሪያ የእናቲቱ አንጀት ነበር፣ ጉርጉር ይላል። ከዚያ ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ነገር መጣ። እንባዬ ወረደ፣ ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ግን አልጠረግሁትም። ኃላፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አየች። “ነገ ማታ ተረኛ ነሽ” አለችኝ።

አሁን ወደ አንተ። ይህንን ሆድ ይፍጀው ብዬ ልይዘው ነበር፤ ሳትሰናበታት የሄድክ መስሎኝ ታዝቤህ ነበርና እንዳላስቀይምህ። ያን ቀን እናትህ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ያለችው ስንቅህን እየቋጠረችልህ ነው። ቋጥራ ዞር ስትል በሩ ክፍት፣ አንተ የለህም። ይዛው እስከ መንገድ ወጣች። ቋጠሮውን እንደያዘች እኔ ቤት መጥታ “ልጄ ሳይሰናበተኝ ሄደ” አለችኝ። እስክታርፍ ድረስ ይህንኑ ስትል ኖረች። ሳትበላው የቀረውን ስንቅ እኔ ነኝ የፈታሁት።

እግሩ እርካብ ለገባ መንገደኛ ከታች ቆሞ ጽዋ የሚያቀብል ሰው አለ ብለህ ጽፈህልኛል። እናትህ ጽዋውን ይዛልህ ነበር። አልጠላችህም። እሷም የጠላሃት መስሏት ሞተች። ይህንን ከእንግዲህ ማናችንም አንጠግነውም፣ ስለዚህ አልቅስና ተነስ።

ተነስተህም መጀመሪያ ለእሜቴ እውነቱን ንገራት። ካባረረችህ ታባርርህ፣ እኔ ዘንድ አልጋ አለ፣ ሥራም አይጠፋም። በፈረስ ከመረገጥ መባረር ይሻላል። ሁለተኛ፣ ተመርመር፣ ሐኪሙ ይሆናል ካለህም ተደረግ። እዚያ አገር ዘመድ ያስፈርሙ አያስፈርሙ አላውቅም። እኔ ግን ከታች በባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜልሃለሁ፣ የመሥሪያ ቤታችንንም ማኅተም ኃላፊዋ እየሳቀች መታችልኝ። እናት ነኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። የሚከራከር ካለ እኔን ይጠይቅ፣ አሁን እሰማዋለሁ።

እትዬህ

ግንቦት 6

ለእትዬ፣

የምትቀበያቸው ሕፃናት ሁሉ እየጮኹ ይወለዱልሽ፤ የአንዱም ጩኸት አያምልጥሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

አልቅስ እንዳልሽኝ አልቅሻለሁ። ብዙ ቀን ፈጀ። ከዚያ አንድ ማለዳ ሥራ ሳንጀምር ለእሜቴ ነገርኳት። ስፌቱን ተወች፣ ጠረጴዛውን ዞራ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። “ስንት ጊዜ ሆነህ?” አለችኝ። ነገርኳት። “ፈረሱ ሲገፋህ እንደዋሸኸኝ አውቄ ነበር፤ የተንሸራተተ ሰው ጫማ ላይ ጭቃ ይኖራል” አለችኝ። የምትሰናበተኝ መሰለኝና የወስፌውን መያዣ እጇ ላይ አኖርኩት። አልተቀበለችኝም። ግቢ ወጥታ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ትከሻዬን ሳይነካ በኋላዬ ፈረስ እንዳያሳልፍ፣ ያሳለፈ ሥራውን እንደሚለቅ ተናገረች። ጮኻ ስለነበር እኔም ሰማሁት።

ተመርምሬያለሁ። ያችው አጥንት ናት፣ በሁለቱም ጆሮ። ቀኙን ሊሠሩልኝ ተስማምተዋል፤ ላንቺ የሆነው ለእኔ ላይሆን እንደሚችል ሐኪሟ በግልጽ ነግራኛለች። ፈርቻለሁ፣ ግን እገባለሁ። እናቴ ይህን መግባት እንኳ አላገኘችም፣ ምን እንደያዛት የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ነጋሪ አለኝ።

ቀጠሮዬ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ዘመድ አስፈርም የሚል ሕግ እዚህ የለም፣ ጠይቄያለሁ፤ የራሴ ፊርማ ይበቃል አሉ። ያንቺን ግን ይዤ እገባለሁ። በር ላይ ላለችው ጸሐፊ እሰጣታለሁ። አልጠየቅንህም ትለኛለች። እኔም እናቴ ፈርማለች፣ ያዢልኝ እላታለሁ።

ልጅሽ